ቤቱን ማን ይጠብቃል

ባሏ ሦስተኛውን ጓጉንቸር ሻንጣዋ ላይ ሲያንጠለጥል የዳቦ ጋጋሪዋ ቆሽት አረረ። ሻንጣው እንደሆነ ያረጀ የጨርቅ ሻንጣ ነው፤ ጎኑን በጥፍር ቢጭሩት ይተረተራል። ውስጡም ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ፎጣና ሳሙና እንጂ ሌላ የለበትም። ሰውየው ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ የባንክ ካዝና የሚዘጋ ይመስል ላቡ ጠብ እስኪል ይታገላል።

«ይሄኛው ደግሞ ለምንድን ነው?» አለችው።

«የፊተኛው ቢሰበር ሁለተኛው አለ። ሁለተኛው ቢሰበር ደግሞ…»

«ሻንጣውን እንዳለ ብድግ አድርጎ ቢሄድስ?»

የቁልፍ ሠሪው ባሏ እጅ ቆመ። እውነትም ይህን አላሰበበትም። «ሰንሰለት አለኝ እኮ፤ ከእጅሽ ጋር አያይዤ…» ሲል ጀመረ። ሴትዮዋ ሳይጨርስ ወደ ማድቤት ገባች። እዚያው ብትቆይ ኖሮ ሰንሰለቱ የሚያያዘው ከማን አንገት ጋር እንደሆነ ትነግረው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግራ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ አሁን ቀኙም እየተከተለ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ስታስገባና ስታወጣ የኖረች ሴት፣ በቅርቡ የምድጃውን አፍ ስታ ክንዷን ጠበሰችው። የዳቦ ቤቱ ጌታ ደግ ሰው ስለሆነ አላባረራትም። ከምድጃው አንስቶ ዳቦ ከረጢት ውስጥ መክተት ላይ አስቀመጣት፤ ከቃጠሎውም ይልቅ ያ ደግነቱ አመማት። በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ግን ከሩቅ አገር በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል የዓይን ሐኪም አለ፤ ሞራውን ገፎ፣ ዓይን አብርቶ ይሄዳል ይባላል። ተራ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠናች። አሁን ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ነው። ነገ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ ካልተሳፈረች ሐኪሙ መሣሪያውን ሰብስቦ አገሩ ይገባል፤ እሷም እንኳን ምድጃ፣ ከረጢቱም ይናፍቃታል።

ባሏን አብሯት እንዲሄድ ጠይቃው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አላት። ሁለተኛ አልጠየቀችውም፤ ኩራተኛ ናት። ቃሉን ግን ዋጠችው እንጂ አልረሳችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል ሰነበተ።

መሄዷ ከተሰማ ወዲህ ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሏል። ገቢው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ይገባል፣ አንድ የዝርፊያ ወሬ ያራግፋል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል። ከሁሉ የባሰችው የባሏ ታላቅ እህት ናት። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ሬዲዮስ ቢሆን ባትሪ ይጨርሳል። ከእሷ ቀጥሎ ከቁልፍ ሠሪው ሱቅ ጎን የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነው።

«መሐል ከተማ ላይ ቀና ብለሽ ፎቅ እንዳታዪ» አላት ፀጉር አስተካካዩ። «ፎቅ የሚያይ ሰው እንግዳ መሆኑ ያስታውቃል።»

«የሰው ዓይን ውስጥም እንዳታዪ» አለች ሬዲዮ። «ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ያፈዙሻል።»

«እትዬ፣ የማይበት ዓይን ቢኖረኝ መቼ እሄድ ነበር?»

«አትቀልጂ። ደግሞ መንገድ ማንንም አትጠይቂ። መንገድ የሚያሳይሽ ሰው ነው ይዞሽ የሚጠፋው። ጭር ባለ መንገድ እንዳትሄጂ።»

«ሰው በበዛበትም አትሂጂ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ኪስ አውላቂው የሚውለው እዚያ ነው።»

«እንግዲያው በሰማይ ልሂድ?»

ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ የተፈጨ በርበሬ ነው። «የሚጠጋሽ ካለ ዓይኑ ላይ በትኚበት» አለቻት። የዓይን ሕመምተኛዋ ጥቅሉን እያገላበጠች አየችው። ነፋስ ቢዞርስ ብሎ ያሰበ አንድ ሰው በቤቱ አልነበረም።

ሬዲዮ ግን ገና ነበረች። «ገንዘብሽን ደግሞ ጡትሽ ሥር አታድርጊ፤ ያውቁበታል። ጫማሽ ውስጥ፣ ከእግርሽ መዳፍ ሥር። ቆሞ ጫማ የሚያስወልቅ ሌባ የለም።»

«ይሄስ ብልሃት ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ራሱን እየነቀነቀ። የእህቱን ነገር አድንቆ ስለማያውቅ ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እነዚህ ግን እባቡንም አላዩት፤ ወሬውን ሰምተው ነው ልጡን የሚሸሹት። ሬዲዮ ከተማውን የምታውቀው በስልክ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ አቋርጦት አልፏል፤ ያኔም ተኝቶ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ባሏ ደግሞ ከመናኸሪያው አጥር አልፎ አያውቅም። ከእነዚህ ሦስት የከተማ ሊቃውንት ሥር ተቀምጣ ስትመከር የሰነበተችው፣ ብቻዋን የምትሄደው እሷ ናት። ምክራቸውን ሰምታ አይደለም ደሟ የፈላው። መካሪ ሲግተለተል አንድም ሰው «አንቺስ ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

የሚያስፈራት ነበራት። ሌባ አይደለም፤ ሌባ ምን ይወስድባታል፣ ሳሙናዋን? ዓይኗ ተቀዶ ሲታሸግ፣ የቀረው ዓይኗ ደግሞ ጭጋግ ብቻ ሲሆን፣ ከሆስፒታሉ በር ላይ ብቻዋን የምትቆምበትን ሰዓት ነበር የፈራችው። ከፊቷ መንገድ አለ፤ መኪናው ይጮኻል፤ ደረጃው የት እንደሚያልቅ አይታይም። እና ፍርሃት ቁጭ ብለው ሲያዩት እንደሚያድግ ስለምታውቅ፣ ባሏ ሥራ ሲሄድ ዓይኗን በሻርፕ አስራ ቤት ውስጥ መራመድ ጀመረች። ከአልጋው እስከ ማድቤት፣ ከማድቤት እስከ በሩ። መጀመሪያ ግንባሯን ከቁም ሳጥኑ ጋር አላተመችው። እያደር ግን ግድግዳውን በእጇ ጀርባ ማንበብ፣ የሚመጣውን ሰው በእርምጃው መለየት፣ ሻይ ሳታፈስ መቅዳት ቻለች። ጆሮዋ ይህን ያህል እንደሚሠራም አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ቁልፍ ሠሪው ሞረድ ረስቶ ሲመለስ ሻርፑን እንዳሰረች፣ ክንዷን ዘርግታ መሐል ቤት ቆማ አገኛት። «ምነው፣ ድብብቆሽ አማረሽ?» አለና ሳቀ። ሻርፑን ፈታች። ለምን እንደሆነ ቢጠይቃት ኖሮ ሁሉንም ትነግረው ነበር፤ ምናልባትም ታለቅስ ነበር። እሱ ግን ሞረዱን ፈልጎ አነሳና፣ በምላጭ ቦርሳ ስለሚቀድ ሌባ እያወራ ወጣ።

የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። ገና ጎህ ሳይቀድ ለባብሳ፣ የሦስቱን ጓጉንቸሮች ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሌባ ቢመጣ የምትነፋውን ፊሽካም አጥልቃ (እሱም የባሏ ስጦታ ነው) በሩ አጠገብ ቆመች።

ስለዚህ በር መናገር ያስፈልጋል። መቆለፊያውን ቁልፍ ሠሪው በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ እንደ ልጁ የሚያወራለት። ማታ ማታ ከውስጥ በቁልፍ ይዘጋዋል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። ትርፍ ቁልፍ ለሌባ መጥሪያ ነው ስለሚል ሁለተኛ አላወጣለትም። መስኮቶቹን ሁሉ በብረት አጥሯቸዋል። ቢቸግር መቆለፊያውን ሊፈታ የሚችለው መሣሪያም ሱቁ ነው ያለው። እና ያ አንድ ቁልፍ ሁልጊዜ ከሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ አልነበረም።

«ቁልፉስ?» አለች።

«እዚያው ነው።»

«የለም።»

«እንዴት ይጠፋል? ቆይ ልፈልግ።»

መፈለግ ጀመረ። የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተ። ትራሱን ገለበጠ። የስኳሩን ቆርቆሮ ከፍቶ ውስጡን አየ። ዳቦ ጋጋሪዋ መጀመሪያ አብራው ፈለገች፤ ወለሉን በእጇ ዳበሰች፣ ከአልጋው ሥር ገባች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ውጭ ሰው መንገድ መጀመሩ ይሰማል። የመናኸሪያው ጥሩምባ ከሩቅ ጮኸ። ሊበራላት የነበረው ዓይን ከእጇ እያመለጠ መሰላት።

ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመችና አዳመጠችው።

ይህ ሰው ካቻቢቴ ሲጠፋበት ጎረቤት እስኪነቃ የሚራገም ነው። የሠራውን ፋብሪካ፣ ያነሳበትን እጅ፣ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ይረግማል። አሁን ግን ጸጥ ብሏል። የቤቱ አንድ ቁልፍ ጠፍቶ፣ የሚስቱ አውቶቡስ ሊያመልጥ ደርሶ፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሰው በእርጋታ የስኳር ቆርቆሮ ይከፍታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ደግሞም እርምጃው ልክ አይደለም። የግራው ሙሉ ነው፤ ቀኙ መሬት ሲነካ ይሰስታል፣ ቶሎ ይነሳል። ሠላሳ ዓመት የሰማችው እርምጃ ነው፤ ትናንት አያነክስም ነበር።

«ና» አለችው።

መጣ። ግራው ሙሉ፣ ቀኙ ጎደሎ።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«የቀኙን። አውልቀው።»

ሻንጣው ላይ ተቀመጠ፣ ክሩን ፈታ፣ ጫማውን ጎተተ። ቁልፉ ከካልሲው ላይ ተላቆ ወለሉ ላይ ወደቀና ጮኸ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ብዙ ጊዜ ተቆጥታ ታውቃለች። እንዲህ ተቆጥታ ግን አታውቅም። ድምፅዋ እንኳ አልጨመረም፤ ወደ ታች ነው የወረደው።

«ሌባ፣ ሌባ፣ ሌባ ስትሉኝ ከረማችሁ። መንገድ ላይ የሚጠብቀኝን ሁሉ ነገራችሁኝ። ፎቅ እንዳታዪ፣ ሰው እንዳትጠይቂ፣ በርበሬ ያዢ። ቤቴ ያለውን ግን ማንም አልነገረኝም። ሌላው ሌባ ቢበዛ ቦርሳዬን ነበር። አንተ ዓይኔን ነው የሰረቅኸኝ።»

«አልሰረቅሁም። አውቶቡሱ እስኪሄድ ብቻ ነበር። ከዚያ ላገኘው…»

«ከዚያ ልታገኘው። ስኳሩ ውስጥ?»

ቁልፍ ሠሪው ራሱን አቀረቀረ። በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠ ትንሽ ሰው ሆነ። «ፈራሁ» አለ። «የሄድሽ እንደሆነ የማትመለሺ ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሲመስለኝ ነው ያደርኩት። ጓጉንቸሩንም ያበዛሁት ለዚያ ነው፤ እጄን ካላሠራሁት አላስችል አለኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አትፈሪም። አንቺ መቼ ፈርተሽ ታውቂያለሽ?»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። «ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ማን አንድ ቀን ጠየቀኝ? ዓይኔን አስሬ መሐል ቤት ያገኘኸኝ ቀን ስቀህ አልወጣህም? ዕውርነት እየተለማመድኩ ነበር። ታሽጎልኝ ስወጣ መንገዱን ማን ያሻግረኛል ብዬ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ከቁም ሳጥን ጋር እየተጋጨሁ እየተለማመድኩ ነበር። አንተ ድብብቆሽ አልከኝ። የእናንተን ፍርሃት ሁሉ ሻንጣዬ ላይ ጫናችሁበት፤ የእኔን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።»

ቁልፍ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳ፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ መቆለፊያውን ቀዳዳ ሳተ። በሁለተኛው ገባለት። በሩ ተከፈተና የጠዋቱ ብርድ ገባ።

«ሂጂ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ትደርሺበታለሽ። ሻንጣውን እስከ መናኸሪያው እሸከምልሻለሁ።»

እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ጃኬትህን ልበስ» አለችው።

«እ?»

«ጃኬትህን። ትሄዳለህ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ። ስወጣም እዚያው ቆመህ አገኝሃለሁ።»

ቁልፍ ሠሪው ቤቱን ዞሮ አየው፤ አልጋውን፣ የስኳሩን ቆርቆሮ፣ በብረት የታጠሩትን መስኮቶች። ከአፉ የወጣው አሮጌው ነገር ነበር። «ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«ቁልፍህ።»

በሩ ላይ የቀረውን ቁልፍ ዞሮ አየው።

«ሱቅህ የመጣውን ሰው ሁሉ ምን ትለዋለህ? ይሄን ግጠምና እንቅልፍህን ተኛ፣ አገር ዞረህ ና፣ ቤትህ እንደተወከው ይቆይሃል ትለው የለም? ሠላሳ ዓመት ይህን ስትል ሰምቻለሁ። ወይ ለሰዉ ሁሉ ስትዋሽ ኖረሃል፣ ወይ ጃኬትህን ልበስ።»

ለቁልፍ ሠሪ ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም። ሰውየው ጫማውን አጥልቆ አሰረ፤ ጃኬቱንም ከመስቀያው አነሳ።

ሲወጡ ሻንጣውን እሱ ተሸከመ፣ እሷ ክንዱን ያዘች፤ ፍቅር አይደለም፣ እንዳያመልጣት ነው። ሬዲዮ ከመስኮቷ ብቅ ብላ «ሁለታችሁም? ኧረ ቤቱን ማን…» ስትል ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቆም ጥቅሉን ወረወረችላት። «እትዬ፣ በርበሬሽን ለምሳሽ አድርጊው» አለቻት። ሬዲዮ በዚያ ሰፈር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አቋረጠች።

መናኸሪያው ሲደርሱ የአውቶቡሱ ረዳት በሩን ሊዘጋ እጀታውን ይዟል። ትኬት የነበራት እሷ ብቻ ስለሆነች ጥቂት አጉረመረመ፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ቦታ ስለነበረ ግን አስገባቸው። ቁልፍ ሠሪው ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀፈው። አውቶቡሱ ባንቀሳቀሰው ቁጥር ሦስቱ ጓጉንቸሮች ይንኳኩ ነበር። ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴት ዞራ አየች፤ ሦስት ጓጉንቸር ያለው ሻንጣ ወርቅ ካልሆነ ምን ሊይዝ ይችላል ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

የዳቦ ጋጋሪዋ ንዴት አልበረደም። ይበርዳል ብላም አልጠበቀችም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጠዋት አይበርድም። ሆስፒታል ደርሰው፣ ሞራው ተገፎ፣ ፋሻው ተፈትቶ መጀመሪያ የምታየው የእሱን ፊት ከሆነ ያኔ ታስብበታለች። አሁን ግን እጁ ከሻንጣው ላይ ወርዶ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ሲጨብጥ አልነጠቀችውም። እስካሁን ብቻዋን ስትሸከመው የከረመችው ፍርሃት አጠገቧ ተቀምጦ ሲተነፍስ ሰማችው፤ ትንሽ ቀለላት፤ ስለቀለላትም ተናደደች።

የከተማቸው የመጨረሻ ቤቶች ወደኋላ ሲቀሩ ቁልፍ ሠሪው በድንገት ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ አለ። ፊቱ ግን ጠቆረ።

«ስሚ» አለ በሹክሹክታ። «ቆልፌዋለሁ እንዴ?»

ቆልፎታል። ሁለት ጊዜ ዞሮ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል፣ ከዚያም እጀታውን ሲጎትትና ሲሞክር በዚህ ሰሞን በሠለጠነው ጆሮዋ አጥርታ ሰምታዋለች።

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ውጭው ግራጫ ጭጋግ ነበር።

«እኔ ምኑን አይቼ» አለችው።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። አንዴ ወደ ኋላ መንገዱን ያያል፣ አንዴ ረዳቱን ያያል፣ አውርዱኝ ለማለት አፉ ይከፈታል፤ እጅጌዋን ግን አለቀቀም። ትነግረዋለች። ለምሳ ሲቆሙ ትነግረዋለች። እስከዚያ ግን ይፍራ፤ የእሱም ተራ ነው።